በቆርቆሮ የተገደበው ኔትወርክ

በሾላ ምንጭ መንደር ትልቅ ትንሹ የሚላት አንዲት አባባል አለች። ሠርግ ላይ ትባላለች፣ ለቅሶ ላይ ትባላለች፣ ወፍጮ ቤት ተራ ሲጠበቅም ትባላለች። ተናጋሪው ጣል አድርጓት ያልፋል፤ ሰሚውም ፈገግ ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። ለእንግዳ ሰው ከአያት ቅድመ አያት የወረደች ትመስለዋለች። አይደለችም። ነገሩ የሆነው በዓይናችን ፊት ነው፤ የሆነባት ሴትም ዛሬ በሕይወት አለች። ስሟ ወይዘሮ የውብዳር ይባላል፤ ታሪኩ ሲነሳ ከሁሉ ቀድማ የምትስቀው እሷው ናት።

የውብዳር ባሏ የሞተባት፣ አንዲት ልጅ ብቻ ያላት ሴት ናት። ልጅቱ ማስተዋል ትባላለች። ዳምጠው የሚባል ሰው አግብታ ርቃ ባሌ ሮቤ ነው የምትኖረው። በዚያ ዓመት ማስተዋል የመጀመሪያ ልጇን አረገዘች። በአገሩ ወግ ደግሞ የበኩር ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለደው። ስለዚህ የውብዳር የገንፎውን እህል አስፈጭታ፣ ቅቤውን አንጥራ፣ ያረጀውን አልጋ በጠፍር አስጠፍራ ልጇን ትጠብቅ ጀመር። ሐኪሙ ግን «የደም ግፊት አለባት፤ መኪና ላይ ወጥታ ረጅም መንገድ መሄድ የለባትም» አለ።

«ግዴለም፤ እሷ ካልመጣች እኔ እሄዳለሁ» አለች የውብዳር። አማቿ ዳምጠውም ይዟት እንዲመጣ ታናሽ ወንድሙን ይበልጣልን ላከላት። ይበልጣል ሾላ ምንጭ በገባ ማግስት ደጋው ላይ የበልግ ዝናብ ዘነበ። ደራሽ ጎርፍ ወረደና የትልቁን ወንዝ ድልድይ ጠርጎ ወሰደው። መኪና ቆመ። እናት ከወንዙ ወዲህ፣ ልጅ ከወንዙ ወዲያ ቀሩ። ከዚያ በኋላ እናትና ልጅን የምታገናኝ አንዲት የእጅ ስልክ ብቻ ነበረች።

እሷም ብትሆን አመለኛ ናት። የውብዳር ቤት ከጉብታ ሥር ስለተሠራ ኔትወርክ እንደ ልብ አይገባውም። በቤቱ ውስጥ ስልክ የሚሠራው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ ወደ ጎረቤቷ ወደ ወይዘሮ አገሬ ጓሮ በሚያየው መስኮት ላይ። እዚያም ቢሆን ስልኩን ከደፉ አስደግፋ፣ አንገቷን አጣማ፣ ትንፋሿን ውጣ ካልሆነ ድምፁ ይቆራረጣል። «ማስ...» ትላለች፤ ይጠፋል። «ደህና ነ...» ይላል፤ ይጠፋል። የልጇን ጤንነት እንደ ቆሎ እየቆረጠመች ነበር የምትሰማው።

የአገሬ ጓሮ ግን ኔትወርክ የሞላበት ነው። በሁለቱ ግቢዎች መካከል ባለው የግራር አጥር ላይ ሴት ጎንበስ ብላ የምታልፍባት አንዲት ሽንቁር አለች። ጨው ያለቀባት፣ ወንፊት የጠፋባት በእሷ ነው የምትሻገረው። የውብዳርም ነገሩ ሲብስባት በሽንቁሯ ሾልካ አገሬ ጓሮ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ትደውላለች። ማስተዋል እዚያ ጓሮ ውስጥ ስትሮጥ ያደገች ስለሆነች አገሬም ከስልኩ ላይ እየነጠቀች «አንቺ ጉሮሮሽ የሚያምር፣ ትበያለሽ ወይስ ትተኛለሽ?» ትላታለች።

አንድ ቀን አገሬ፣ «የውብዬ፣ እንዲህ ከምትመላለሺ ስልክሽን እኔ ጋ ለምን አታሳድሪውም? ሲጮህ እጠራሻለሁ» አለቻት።

«ኧረ ባክሽ፣ ሌሊት ቢጮህ እንቅልፍሽን ልነሳሽ ነው?»

«እንቅልፍ ለምኔ ነው? እኔ እንደሆንኩ ከዶሮ ጋር ነው የምነቃው።»

«አይ፣ አይሆንም። ዛሬስ በቃኝ፤ የሰው ጓሮ ጎዳና አደረግሁት» አለች የውብዳር። ይሉኝታ ያዛት። ሰው በሚወደው ሰው ፊት ነው ይበልጥ ይሉኝታ የሚይዘው።

ይህን ሁሉ እንግዳው ይበልጣል ቁጭ ብሎ ያይ ነበር። ይበልጣል ልቡ ደግ፣ እጁ ፈጣን፣ አፉ ከእጁም የፈጠነ ሰው ነው። ድልድይ ተሰብሮበት ያለ ሥራ ተቀምጦ መብላቱ አሳፍሮታል። በአንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የውብዳር ከአገሬ ጓሮ ጎንበስ ብላ ስትመለስ ጉልበቷን ስትይዝ አያትና ብድግ አለ።

«እማማ፣ ይሄ ኔትወርክ ከየት ነው የሚመጣው?»

«እኔ ምን አውቄ ልጄ። ከላይ መሰለኝ።»

«ከላይ! ከላይ የመጣ ነገር ደግሞ ወዴት ይሄዳል?»

«ወደ ታች ነዋ።»

«ይኸው! በእርስዎ ጓሮ ላይ ያልፍና ቁልቁል ሄዶ እትዬ አገሬ ጓሮ ይተኛል። ሽንኩርታችሁን የምታጠጡት በምንድን ነው?»

«በቦይ።»

«ውሃው ማሳችሁን ጥሎ እያለፈ ሲያስቸግራችሁስ?»

«እንገድበዋለን።»

«በቃ!» አለና እጁን አጨበጨበ። «ኔትወርክ ብረት አያልፍም። አጥሩ ላይ ቆርቆሮ እንገድግድ። ሲደርስ ይቆማል፤ ሲቆም ይጠራቀማል፤ ሲሞላ በመስኮት ይገባልዎታል። ከዚያ አልጋዎ ላይ ጋደም ብለው ነው የሚያወሩት።»

ሌላ አገር ቢሆን ይህን ነገር ሰው ስቆ ያልፈው ይሆናል። ሾላ ምንጭ ግን በመስኖ የሚኖር አገር ነው። ሰዉ የሚጣላውም የሚታረቀውም በውሃ ነው፤ ሕፃን እንኳ መራመድ ሲጀምር በጭቃ ቦይ ይሠራል፣ ቦዩንም ይገድባል። የውብዳር ነገሩን በአእምሮዋ ስታየው ልክ እንደ ሽንኩርቷ ማሳ ታያት። የከነከናት ሌላ ነገር ነው።

«ልጄ፣ የአገሬን ድርሻ መውሰድ አይሆንብኝም? የሰው ውሃ መጥለፍ እኮ በእኛ አገር ነውር ነው።»

«ትርፉን ነው እማማ! እሷ ሞልቶ እየፈሰሰባት ነው።»

የውብዳር አሰበችበት። ሐኪሙ የነገራቸው የመውለጃ ጊዜ እየቀረበ ነው። ልጇ በምጥ ጊዜ ብትደውል፣ ስልኩም እንደ ልማዱ «እማ...» ብሎ ቢጠፋ ምን ይውጣታል? ለወጥ ቤቱ ጣሪያ ብላ ያስቀመጠችውን ቆርቆሮ አሳየችው። ይበልጣል በዚያው ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮውን በእንጨት ላይ እየመታ፣ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ባለው አጥር ላይ ከዳር እስከ ዳር አቆመው። ሽንቁሯም ተደፈነች።

ሚስማሩ ሲመታ አገሬ ከወዲያ ሆና ሰማች።

«የውብዬ! ምን እየሠራችሁ ነው?»

የአንቺን ኔትወርክ ልገድብ ነው አትላት ነገር። «ለ... ለነፋሱ ነው እታለም! ነፋሱ በረታብኝ!»

«ነፋስ?» አለች አገሬ። «እና እኔ ወንፊት ስፈልግ በየት ልምጣ?»

«በመንገዱ በኩል ነዋ... ለጊዜው ነው።»

ከቆርቆሮው ማዶ የአገሬ እርምጃ ድምፅ ቀስ እያለ ራቀ። የውብዳር፣ አገሬ ብትሰድባት ይሻላት ነበር።

ሲመሽ ስልኩን ከመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጣ ተጠባበቀች። የውብዳር ካቻምና የጎልማሶች ትምህርት የገባችው ስልኩ ሲጮህ የደወለላት ማን እንደሆነ ለማንበብ ብላ ነው። አሁን ስልኩ ላይ ከልጇ ስም ሌላ አዲስ ነገር ተጽፏል። ጣቷን እያስከተለች አነበበችው። «አ... ገል... ግሎት... የለም።» ደግማ አነበበችው፤ ያው ነው።

«ይበልጣል፣ ልጄ፣ አገልግሎት የለም ይላል።»

«እሱማ ገና እየተጠራቀመ ስለሆነ ነው። ግድብ በአንድ ሌሊት ይሞላል? ደግሞ እስኪ በደንብ ያንብቡት፤ አሁን ገና ፊደል እየቆጠሩ አይደል?»

የውብዳር እንደገና አየችው። ለእሷ «የለም» የሚል ነው የሚመስላት። ግን እሱ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ ሰው ነው፤ እሷ ደግሞ ትናንት ነው «ግ»ን ከ«ገ» የለየችው። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል ብላ ስልኩን በነጠላዋ ጠርጋ መልሳ አስቀመጠችው። ወደ አገሬ ጓሮ ሄዳ እንዳትሞክረው ደግሞ ከዋሸችው ውሸት ጋር ፊት ለፊት መገናኘት ሆነባት። «ነገ» አለች ለራሷ። «ነገ ጠዋት ሄጄ እነግራታለሁ።»

ጎህ ሲቀድ ውሻ ጮኸ። የውብዳር ጸሎቷን አቋርጣ በሩን ከፈተች።

በሾላ ምንጭ ሞት በስልክ አይነገርም። ነውር ነው። ሩቅ አገር ሰው የሞተበት ሰው መርዶውን የሚሰማው እንዲህ ነው፦ ገና ሳይነጋ ሽማግሌ ከፊት፣ ሴቶች ከኋላ ሆነው ነጠላቸውን ተከናንበው ይመጡና ደጁ ላይ ይቆማሉ። ማንም ሳይናገር ባለቤቱ ይገባዋል።

የውብዳር በሩን ስትከፍት ከደጇ የቆሙት የውሃ አባቱ አያ ሸዋቀና ናቸው። የውሃ አባት ማለት የመስኖውን ተራ የሚያከፋፍሉት፣ በጠብም ጊዜ የሚያስታርቁት ሽማግሌ ናቸው። ከኋላቸው ነጠላ የተከናነቡ ሴቶች አሉ። ከሴቶቹ መካከል አገሬ አለች፤ ባዶ እግሯን ናት፣ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ነክቷታል፣ ትንፋሿ ተቆርጧል። ከሁሉም ኋላ ወንዶች ቆመዋል። በትከሻቸው ላይ አካፋ አለ።

አካፋውን ስታይ የውብዳር ከደጃፉ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች።

«የውብዬ፣ ማስተዋል...» ብላ ጀመረች አገሬ።

«ወይኔ ልጄን!» የውብዳር ደረቷን መታች። «ወይኔ ብቻዬን! ወይኔ አንዲቷ!»

«ስሚኝ እንጂ፣ የውብዬ...»

«ምኑን ልስማ! ምን የሚሰማ ቀረኝ!» ዋይታዋ አካባቢውን ሞላው። ከሴቶቹ አንዷ ነገሩን ሳትጠይቅ አብራት ማልቀስ ጀመረች፤ ለቅሶ ተላላፊ ነው። ይበልጣልም ከመኝታው በአንድ እግር ጫማ ሮጦ ወጣና ምንም ሳያውቅ ራሱን ያዘ።

አያ ሸዋቀና በትራቸውን መሬት መቱ። «ዝም በይ! አንቺ ሴት፣ የሞተ የለም!»

«አይደብቁኝ አያ ሸዋቀና! አካፋውን አይቻለሁ!»

«አካፋው ለሽንኩርቴ ነው! ዛሬ የውሃ ተራዬ ነው! እኛም፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት ሴቶችም መንገድ ላይ አገሬን ባዶ እግሯን ስትሮጥ አግኝተናት ነው የመጣነው!»

የውብዳር አፏ እንደተከፈተ ቀረ። አብራት የምታለቅሰውም ሴት ቀስ ብላ ነጠላዋን ወደ አፏ መለሰች።

አገሬ አጠገቧ ተንበርክካ ትከሻዋን ያዘቻት። «ማስተዋል ምጥ ይዟታል። በኦፕራሲዮን ሊያዋልዷት ነው። ሌሊቱን ለአንቺ ሲደውሉ ስልክሽ እምቢ አለ፤ ከዚያ ለእኔ ደወለች። 'እማዬ ሳትመርቀኝ ውስጥ አልገባም' ብላ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። ሐኪሙም ደግ ሰው ነው፤ እስኪዘጋጁ ድረስ ጊዜ ሰጥቷታል። ስልኩን ይዤልሽ ስሮጥ ግቢሽ ስገባ ተቋረጠብኝ። ተነሺ፣ እኔ ጓሮ እንሂድ!»

የውብዳር ልትነሳ ሞከረች፤ ጉልበቷ አልታዘዝ አላት። በመንገድ በኩል ደግሞ ገደሉን መዞር ነው፤ ጭቃው ገና አልደረቀም። አገሬ መጥታበታለች፤ ለዚህ ነው ትንፋሿ የተቆረጠው።

«በሽንቁሯ ለምን አትሻገሩም?» አሉና አያ ሸዋቀና ወደ አጥሩ ዞሩ። ቆርቆሮውን አዩት። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

ይበልጣል ወደ ፊት ወጣ። «ግድብ ነው፣ አባባ።»

«የምን ግድብ?»

«የ... የኔትወርክ።»

አያ ሸዋቀና እሱን አዩት፣ ቆርቆሮውን አዩት። ከዚያ በቆርቆሮው አናት ላይ አሻግረው ተመለከቱ። ከአገሬ ጓሮ ማዶ፣ ጋራው ላይ የስልክ ማማ ቆሟል፤ የአናቱ ቀይ መብራት በጎህ ውስጥ ብልጭ ድርግም ይላል።

«ልጄ» አሉ በለሆሳስ፤ «ምንጩ እኮ ወዲያ ነው። ግድብ የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ያያል። አንተ መግቢያውን ነው የደፈንከው።» ከዚያ ወደ ወንዶቹ ዞረው፣ «በሉ! አካፋችሁን አምጡ!»

አካፋዎቹ በቆርቆሮው ሥር ገቡ። ሚስማሩ እየጮኸ ተነቀለ። ከሁሉም በላይ የሚታገለው ይበልጣል ነበር፤ ትናንት የመታውን ሚስማር ዛሬ በጥርሱ ሊነቅለው ምንም አልቀረው። ቆርቆሮው እንደ ነጎድጓድ እየተንኳኳ ወደቀ። አገሬና አያ ሸዋቀና የውብዳርን በግራና በቀኝ ብብቷን ደግፈው ገና ሽንቁሯ አፍ ላይ ሳይደርሱ በአገሬ እጅ ያለው ስልክ ጮኸ።

«እማ?» ድምፁ ጥርት ያለ ነው። አጠገቧ የቆመች ይመስላል። «እማ፣ ምንድን ነው የሚንኳኳው? ማነው የሚያለቅሰው? ማን ሞተ?»

«ማንም! ማንም አልሞተም የኔ እናት!» የውብዳር እያለቀሰች ሳቀች። «የሚጎትቱት ቆርቆሮ ነው። ሌላው የእናትሽ ሞኝነት ነው። አንቺስ? አንቺስ እንዴት ነሽ?»

«ፈራሁ እማ።»

የውብዳር ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ቀጥ ብላ ቆመች። ጉልበቷ ከየት እንደመጣላት እንጃ። «አይዞሽ። አንቺን ስወልድ እኔም ፈርቼ ነበር፤ ይኸው አየሁሽ። የጸለይኩልሽ ጸሎት ይከተልሽ። ያጠባሁሽ ጡት ይከተልሽ። የምታዋልድሽ እጅ የተባረከች ትሁን። ግቢ ልጄ፤ ማርያም በሽልም ታውጣሽ።»

«አሜን!» አሉ በሽንቁሯ ወዲህና ወዲያ የቆሙት ሁሉ። ወንዶቹ አካፋቸውን መሬት ላይ አስቀምጠው ቆባቸውን አወለቁ።

ከዚያ በአገሬ ጓሮ ተቀመጡ። ለመሄድ የቸኮለ ሰው አልነበረም። አያ ሸዋቀና የውሃ ተራቸውን ለቀጣዩ ሰው አሳልፈው ሰጥተው፣ ከጉቶ ላይ ቁጭ ብለው በትራቸው ላይ አገጫቸውን አስደገፉ። አገሬ እግሯን ሳትታጠብ የውብዳርን እጅ ይዛ ተቀመጠች። የውብዳር ልትነግራት የሚገባ ነገር ነበራት፤ መያዝ አቃታት።

«አገርዬ፣ ቆርቆሮው ለነፋስ አልነበረም።»

«አውቃለሁ።»

«ያንቺን ኔትወርክ ልገድብ ብዬ ነው።»

አገሬ ፊቷን አዞረች። የውብዳር፣ አገሬ የተቆጣች መሰላት። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ነው እየሳቀች መሆኑን ያወቀችው። «እኔ ደግሞ ሌሊቱን ሳወጣ ሳወርድ ያደርኩት ምን በድያት ነው እያልኩ ነው! የኔ ሞኝ፣ ብትነግሪኝ ኖሮ ሚስማሩን እኔ አቀብልሽ ነበር።»

ፀሐይ ጋራውን ለቅቃ ስትወጣ ስልኩ ጮኸ። ዳምጠው ነው። የውብዳር ጆሮዋ ላይ ስታስጠጋው አስቀድሞ የሰማችው የእሱን ድምፅ አልነበረም፤ የሕፃን ለቅሶ ነው። ቀጭን፣ ቁጡ፣ ያልተቆራረጠ ለቅሶ። «ሴት ናት እማማ! ሁለቱም ደህና ናቸው!»

አገሬ ከድንጋዩ ላይ ብድግ ብላ እልልታዋን ለቀቀችው። ለሴት ልጅ የሚባለውን የእልልታ ቁጥር አለፈች፣ ለወንድ ልጅም የሚባለውን አለፈች፤ ሴቶቹ ተቀበሏት። «እንኳን ማርያም ማረችሽ በሏት! ንገሯት!» እያለች ወደ ስልኩ ትጮኻለች። የውብዳር ወደ አገሬ እግር ጎንበስ አለች። ጭቃው ያለበትን እግር ልትስም ነው። አገሬ ቀድማ አንስታ አቀፈቻት።

«ተመስገን» አለች የውብዳር። «ተመስገን። ሰው ሰጥተኸኛል።»

ይበልጣል ራቅ ብሎ የጎበጠውን ቆርቆሮ በእጁ ሊያቃና ይታገላል። አያ ሸዋቀና ወደ ቤታቸው ለመሄድ ሲነሱ አንገቱን ደፍቶ፣ «ይቅርታ አባባ። ለደግ ብዬ ነው። ዋናው ጥፋት እኮ የኔትወርኩ ነው፤ እሱ ባይጠፋ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር» አላቸው።

አያ ሸዋቀና ተቃቅፈው የቆሙትን ሁለት ሴቶች በበትራቸው እያሳዩት ሳቁና «ግዴለህም ልጄ፤ ኔትወርክ ቢጠፋ ጎረቤት አይጥፋ» አሉት።